አዲሱ ደጅ ሳይፈተን አሮጌው ደጅ አይዘጋ

ሰው ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት በሚዛወርበት ጊዜ ዕቃውን አስጭኖ መውሰድ የገንዘብና የጕልበት ነገር ብቻ ስለ ሆነ ብዙ አያሳስበውም። የሚያሳስበውስ ወዳጁም ደንበኛውም እንደ ልማዱ ወደ ቀድሞው ደጅ መጥቶ የሚያንኳኳ መሆኑ ነው። ደጁን ተዘግቶ ያገኘው እንግዳ ባለቤቱ ወደ ተሻለ ቤት መሄዱን አያይም፤ የሚያየው መዘጋቱን ብቻ ነው። ይህም ነገር በሰፈር ቤት ላይ እውነት እንደ ሆነ፤ ዛሬ ባንኩም መሥሪያ ቤቱም ነጋዴውም ሥራውን በሚያካሂድበት በኮምፒዩተሮች ማደሪያ ላይ ይልቁን እውነት ሆኖ ይገኛል።

ክላውድ የተባለው የኮምፒዩተር ማደሪያ ስሙ ደመና ማለት ይሁን እንጂ በሰማይ ላይ የተንሳፈፈ ነገር አይደለም። ታላላቅ ኩባንያዎች በምድር ላይ በሠሯቸው ሰፋፊ አዳራሾች ውስጥ እጅግ ብዙ ኮምፒዩተሮችን አኑረው ለሚፈልግ ሁሉ የሚያከራዩት አገልግሎት ነው። አማዞን፤ ማይክሮሶፍትና ጎግል በዚህ ንግድ ቀዳሚዎች ናቸው። እንግዲህ ተከራይ የሆነ ድርጅት ሁሉ አንድ ቀን መዛወር ሊመጣበት ይችላል፤ አንዱ የኪራዩ ዋጋ ሲከብደው፤ አንዱ የአገሩ ሕግ የሕዝቡን መዝገብ በአገር ውስጥ አኑር ሲለው፤ አንዱም አከራዩ ኩባንያ የቀድሞውን መሣሪያ ሲሽርበት ይዛወራል። መዛወር በታሰበ ጊዜ ስለ መዝገቡና ስለ ፕሮግራሙ ብዙ ይመከራል፤ ብዙ ገንዘብም ይመደባል። ስለ ደጁ ግን የሚመክረው ጥቂት ነው።

በቀድሞው ዘመን በታላቅ ግብር ቀን በአዳራሹ ደጅ ይቆም የነበረውን አጋፋሪ ሥራ የሚያውቅ ሰው የዚህን ደጅ ነገር በቀላሉ ይረዳዋል። አጋፋሪው እንግዳውን በየተራው ያስገባል፤ ስፍራ ካለበት ገበታ ያስቀምጣል፤ እንጀራ ወዳለቀበት ገበታ ሰው አይሰድም፤ ወጥቶ የተመለሰውን ሰው ወደ ቀድሞው ስፍራው ይመልሰዋል፤ ያልተጠራውንም ይከለክላል። ሎድ ባላንሰር የተባለው የኮምፒዩተር ሥራ አከፋፋይም እንዲሁ ነው። ሰው በስልኩ የባንኩን አገልግሎት ሲከፍት ጥያቄው ሥራውን ወደሚሠራው ኮምፒዩተር፤ ማለት ወደ ሰርቨሩ፤ በቀጥታ አይደርስም፤ አስቀድሞ ወደ አከፋፋዩ ይደርሳል። አከፋፋዩም ከኋላው ካሉት ሰርቨሮች ሥራ ያልበዛበትን መርጦ ይሰጠዋል፤ በየጥቂቱ ሰከንድም ሁሉንም ደኅና መሆናቸውን ይጠይቃል፤ ያልመለሰለትን ከተራው ያወጣል።

ለአንድ አገልግሎት የተደነገገው የአጋፋሪው ሕግ በአንድነት ተሰብስቦ ቨርቹዋል ሰርቪስ ይባላል። በዚህም ውስጥ እንግዳ የሚመጣበት የአይ.ፒ. አድራሻና የበሩ ቍጥር፤ ከኋላ ያሉት ሰርቨሮች ዝርዝር፤ የደኅንነታቸው መመርመሪያ፤ የእንግዳውን ምስጢር የሚጠብቀው ሰርተፍኬትና ቍልፉ፤ ማን ይግባ ማን ይከልከል የሚለው ትእዛዝ፤ እንግዳውም ዝም ቢል ስንት ሰከንድ ይጠበቅ የሚለው ልክ ይገኛሉ። ይህ ሁሉ ሕግ ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን የተጻፈ አይደለም። አንዱ ሠራተኛ በአንድ ሌሊት ችግር ገጥሞት አንድ መስመር ይጨምራል፤ ሌላውም ከሦስት ዓመት በኋላ ሌላ መስመር ይጨምራል፤ የጨመረበትን ምክንያት ግን ሳይመዘግብ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል። ስለዚህ የአንድ አሮጌ ደጅ ሕግ ምክንያቱ የጠፋ የብዙ ሰዎች ውሳኔ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

እንግዲህ ብዙ አለቆች የሚሳሳቱት በዚህ ስፍራ ነው። ይህን ሕግ ከአንዱ ክላውድ ወደ ሌላው ክላውድ እንደ ደብዳቤ ገልብጦ መውሰድ የሚቻል ይመስላቸዋል። የሚገለብጥ ፕሮግራም መኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ቃሉን ይገለብጣል እንጂ ትርጓሜውን አይገለብጥም። ይኸውም በአራት ነገር ይገለጣል።

አንደኛው የአድራሻው ነገር ነው። በኪራይ ክላውድ ውስጥ ያለው የአይ.ፒ. አድራሻ በብዙው የአከራዩ ነው እንጂ የተከራዩ አይደለም፤ ተከራዩ ሲወጣ አድራሻው በዚያው ይቀራል። ስለዚህ የአገልግሎቱን ስም ከአድራሻው ጋራ የሚያገናኘው ዲ.ኤን.ኤስ. የተባለው መዝገብ መለወጥ አለበት። ዳሩ ግን ይህ መዝገብ በዓለም ላይ በተበተኑ ኮምፒዩተሮች ዘንድ ለጊዜው ተቀድቶ ይቀመጣል። የመቈያው ልክ 86400 ሰከንድ ተብሎ ተጽፎ እንደ ሆነ፤ አንዳንዱ እንግዳ እስከ አንድ ቀን ድረስ ወደ አሮጌው ደጅ ሲሄድ ይቈያል። ከዚህም በላይ የንግድ ጓደኞች ኮምፒዩተሮቻቸው ወደ ቀድሞው አድራሻ ብቻ እንዲሄዱ በየመከላከያቸው ጽፈው ይሆናል፤ አስቀድሞ ካልተነገራቸው ወደ አዲሱ ደጅ የሚያልፉበት መንገድ ዝግ ሆኖ ይጠብቃቸዋል።

ሁለተኛው የምርመራው ነገር ነው። የጎግል ክላውድ አከፋፋይ የሰርቨሮቹን ጤና የሚጠይቁትን መርማሪዎቹን 35.191.0.0/16 እና 130.211.0.0/22 ከተባሉት የአድራሻ ክፍሎች ይልካል፤ አዙር የተባለው የማይክሮሶፍት ክላውድ ደግሞ 168.63.129.16 ከተባለው አድራሻ ይልካል። የቀድሞውን መከላከያ እንዳለ ይዞ የገባ ድርጅት እነዚህን አድራሻዎች ካልፈቀደላቸው መርማሪው በደጅ ይከለከላል። ሰርቨሮቹ በሙሉ ጤና ሳሉም እንደ ታመሙ ይቈጠራሉ፤ አጋፋሪውም እንግዳውን የሚያስቀምጥበት ገበታ ያጣል።

ሦስተኛው የልኩ ነገር ነው። ማንም ካልለወጠው በቀር የአማዞን አፕሊኬሽን ሎድ ባላንሰር ምንም መልእክት የማይተላለፍበትን ግንኙነት 60 ሰከንድ ጠብቆ ይቈርጠዋል፤ የአዙር ሎድ ባላንሰር ግን 4 ደቂቃ ይታገሣል። መልሱን ለማዘጋጀት 2 ደቂቃ በዝምታ የሚፈጅ አንድ የሒሳብ ዘገባ በአንደኛው ደጅ ሲፈጸም በሌላው ደጅ በመካከሉ ይቈረጣል። ጠያቂው ሰው ስሕተት የሚል ጽሑፍ ብቻ ያያል፤ ሠራተኛውም ስሕተቱን በፕሮግራሙ ውስጥ ሲፈልግ ይውላል፤ ነገሩ ግን በደጁ ነው።

አራተኛው የእንግዳው ማንነትና የቍልፉ ነገር ነው። አንዳንዱ አከፋፋይ የእንግዳውን አድራሻ ሳይለውጥ ወደ ሰርቨሩ ያሳልፋል፤ አንዳንዱ ግን በስፍራው የራሱን አድራሻ ይተካና የእንግዳውን አድራሻ ኤክስ-ፎርዋርድድ-ፎር በሚባል የመልእክቱ ራስጌ ላይ ይጽፈዋል። ይህን ራስጌ ማንበብ ያልተማረ ሰርቨር ሺሕ እንግዳ ቢመጣ አንድ ሰው ሺሕ ጊዜ የተመላለሰ ይመስለዋል፤ ሌባን ለመከላከል የተሠራውም ዘበኛ እንግዳውን ሁሉ እንደ ሌባ ቈጥሮ ይዘጋበታል። የሰርተፍኬቱ ምስጢራዊ ቍልፍም በአከራዩ ዘንድ የተሠራ እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ ከዚያ አይወጣም፤ በአዲሱ ስፍራ አዲስ ማሠራት ያስፈልጋል።

ይህ ልዩነት በሁለት ኩባንያዎች መካከል ብቻ የሚገኝ እንዳይመስል አንድ ምስክር ይበቃል፤ የሚጠቀሰውም የውጭ አገር ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። ማይክሮሶፍት በአዙር ውስጥ ቤዚክ የተባለውን ሎድ ባላንሰር በሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ሽሮ፤ ደንበኞቹ ስታንዳርድ ወደ ተባለው እንዲዛወሩ አዘዘ። ሁለቱም የአንድ ኩባንያ ሥራዎች ናቸው፤ ተግባራቸውም አንድ ነው። ነገር ግን ቤዚክ በተፈጥሮው ክፍት የሆነ ደጅ ሲሆን፤ ስታንዳርድ ፈቃድ ካልተጻፈለት በቀር ዝግ ሆኖ የተሠራ ነው። ከውስጥ ወደ ውጭ ይሄድ የነበረውም መልእክት በስታንዳርድ ዘንድ መውጫው በግልጥ ካልተደነገገለት መንገድ ላያገኝ ይችላል። በአንድ ግቢ ውስጥ ከቤት ወደ ቤት ሲዛወሩ ይህን ያህል ልዩነት ከተገኘ፤ ከአገር ወደ አገር እንደ መሄድ ያለው ከኩባንያ ወደ ኩባንያ መዛወርማ እንደ ምን ሊሆን ነው!

ደጁን ሳይፈትኑ መዛወር ምን እንደሚያስከፍል ለማወቅ በብሪታንያ አገር ቲ.ኤስ.ቢ. የተባለው ባንክ ያገኘውን ነገር መመልከት ይጠቅማል። እርግጥ ይህ የአንድ አጋፋሪ ብቻ ሳይሆን የመላው ባንክ ሥርዐት መዛወር ነበር፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። ቲ.ኤስ.ቢ. ቀድሞ የሎይድስ ባንክ ክፍል ስለ ነበረ፤ ተለይቶ ከወጣም በኋላ በሎይድስ የኮምፒዩተር ሥርዐት ይሠራ ነበር። ሳባዴል የተባለው የእስፓኝ ባንክ በ2015 ዓመት ከገዛው በኋላ፤ 5.2 ሚሊዮን ደንበኞች የነበሩት ይህ ባንክ በኤፕሪል ወር 2018 በአንድ ቅዳሜና እሑድ ወደ አዲሱ ሥርዐት ተሻገረ። መዝገቡ በደኅና ተዛወረ። አዲሱ ሥርዐት ግን የሕዝቡን ብዛት ሊችል አልቻለም፤ እስከ 1.9 ሚሊዮን የሚደርሱ ሰዎች ከገንዘባቸው ተዘግተው ቀሩ፤ የባንኩም ቅርንጫፎች ሁሉ ታወኩ። ሥራው ወደ ልማዱ እስኪመለስ እስከ ዲሴምበር 2018 ቈየ።

ነገሩን እንዲመረምር የተሾመው ስሎተር ኤንድ ሜይ የተባለው የጠበቆች ድርጅት በኖቬምበር 2019 ያወጣው ዘገባ ሁለት ታላላቅ ጕድለቶችን አመለከተ። ሥራውን ተካፍለው የሚሠሩ ሁለት የዳታ ማእከሎች ሳሉ፤ የብዙ ሕዝብን ጭነት መቻላቸው የተፈተነው በአንደኛው ብቻ ነበር፤ የሁለቱም አደረጃጀት አንድ ዐይነት አልነበረም። እንዲሁም የሥራው ብዛት ሳይመረመር አስቀድሞ የመጨረሻው ቀን ተወሰነ፤ ሥራውም በቀኑ ልክ እንዲገባ ተደረገ። የብሪታንያ የገንዘብ ተቈጣጣሪዎች በዲሴምበር 2022 ባንኩን 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡት፤ ባንኩም ለተጐዱት ደንበኞች 32.7 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ ከፍሏል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው የአባቶች ተረት በዚህ ተፈጸመ፤ ልዩነቱ የፈሰሰው የሌላ ሰው እህል መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣ ክርክር አለ፤ የሚናቅም አይደለም። ሁለት ደጅ በአንድ ጊዜ ከፍቶ ማቈየት ሁለት ኪራይ መክፈል ነው፤ ሠራተኛውም ሁለት ሥራ ይይዛል፤ ነገሩም በተጓተተ መጠን ስሕተት ይበዛል የሚሉ አሉ። ከዚህም የሚከብድ ሌላ ነገር ይጨምራሉ። በሁለቱ ደጆች የገቡት እንግዶች በየራሳቸው በተለያየ መዝገብ ላይ ቢጽፉ፤ ማታ ሒሳቡ አይገጥምም። ይህ እውነት ነው። ስለዚህ ሁለት ደጅ የሚከፈተው ከኋላቸው ያለው መዝገብ አንድ ሲሆን፤ ወይም አንዱ ሌላውን ወዲያው እየተከተለ እንዲጻፍ ሆኖ ሲዘጋጅ ብቻ ነው። ይህን ማዘጋጀት ድካም አለው፤ ነገር ግን ድካሙ ከሁለት ኪራይ ጋራ ተደምሮ እንኳ ቲ.ኤስ.ቢ. በ2018 ዓመት በዚህ መዛወር ሳቢያ ከደረሰበት 330 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ወጪ ጋራ ሲመዘን ቀላል ነው።

በትዕግሥት የሠራም አልታጣም። ኔትፍሊክስ የተባለው የአሜሪካ የፊልም ድርጅት በ2008 ዓመት መዝገቡ ተበላሽቶ ሦስት ቀን ለደንበኞቹ ፊልም መላክ ስላቃተው፤ ከገዛ ራሱ የዳታ ማእከል ወጥቶ ወደ አማዞን ክላውድ ለመዛወር ቈረጠ። መዛወሩን የፈጸመው በጃንዋሪ 2016 ነው፤ ሰባት ዓመት ያህል ፈጀበት ማለት ነው። ሥርዐቱንም እንዳለ ገልብጦ ከመውሰድ ይልቅ አብዛኛውን እንደ አዲስ ሠራው። ማንም ድርጅት ሰባት ዓመት ይጠብቅ ማለት አይደለም፤ የዝግጅቱ ልክ ቀኑን ይወስን እንጂ ቀኑ የዝግጅቱን ልክ አይወስን ማለት ነው።

ሥራው በአግባቡ ሲሠራ ሥርዐቱ የታወቀ ነው። አስቀድሞ የአሮጌው ደጅ ሕግ በመስመር በመስመሩ ይጻፋል፤ ለእያንዳንዱም መስመር ምክንያቱ ይጠየቃል፤ ምክንያቱ ያልታወቀው እንዲሁ አይጣልም፤ እንዲሁም አይገለበጥም፤ ይመረመራል። ከዚያም አዲሱ ደጅ በአሮጌው ጐን ይሠራና ሠራተኞቹ ብቻ ገብተው ይፈትኑታል። መዛወሪያው ቀን ከመድረሱ ቢያንስ አንድ ቀን አስቀድሞ የዲ.ኤን.ኤስ. መቈያ ልክ ከ86400 ወደ 300 ሰከንድ ይወርዳል፤ ይህም በተደረገ ጊዜ ስሕተት ቢገኝ ከጥቂቶች በቀር ሕዝቡን በ5 ደቂቃ ያህል ወደ አሮጌው ደጅ መመለስ ይቻላል። ቀጥሎም ከመቶ አንድ እንግዳ፤ ኋላም ከመቶ አሥር፤ ከዚያም እኩሌታው ወደ አዲሱ ይላካል፤ በየደረጃውም ስሕተቱና የመልሱ ፍጥነት ከአሮጌው ጋራ እየተመዘነ ይታያል። ወደ አሮጌው ደጅ የገቡትም ሥራቸውን እስኪፈጽሙ አይባረሩም። አሮጌው የሚዘጋው ቀኑ ደረሰ ተብሎ ሳይሆን፤ የደጁ መዝገብ የሚመጣ እንግዳ አለመኖሩን ሲያሳይ ነው።

መንግሥታትም የዚህን ነገር ክብደት እያወቁት መጥተዋል። የአውሮፓ ኅብረት ዳታ አክት የተባለው ሕግ ከሴፕቴምበር 12 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። በዚህ ሕግ አንድ ተከራይ ከክላውድ ለመውጣት ሲፈልግ የማስታወቂያው ጊዜ ከ2 ወር እንዳይበልጥ፤ መዛወሪያውም በተለየ ምክንያት ካልሆነ በቀር በ30 ቀን ውስጥ እንዲፈጸም፤ ከጃንዋሪ 12 ቀን 2027 ጀምሮም ለመዛወር ተብሎ ምንም ክፍያ እንዳይጠየቅ ተደንግጓል። ጎግል፤ አማዞንና ማይክሮሶፍትም በ2024 ዓመት ጨርሶ ለሚወጣ ደንበኛ የመረጃ ማውጫውን ዋጋ ተዉ። ይህ መልካም ነው፤ የመንገዱ ቀረጥ ተነሥቷልና። ዳሩ ግን ሕጉ መንገዱን ይከፍታል እንጂ የተከራዩን የደጅ ሕግ በተከራዩ ምትክ አይጽፍለትም። የራሱን ሕግ በራሱ መዝገብ ያልያዘ ድርጅት፤ መንገዱ ቢከፈትለት እንኳ ምን ይዞ እንደሚሄድ አያውቅም።

በኢትዮጵያም ነገሩ የሩቅ ወሬ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፤ ባንኮችም አገልግሎታቸውን በስልክ ካደረጉ ወዲህ፤ ጥሬ ገንዘብ ሳይዝ ከቤቱ የሚወጣው ሰው በዝቷል። እንዲህ ያለው ሰው በመድኃኒት ቤት መስኮት ወይም በአውቶቡስ መሳፈሪያ ቆሞ ሳለ ደጁ ቢዘጋበት፤ ከክላውድ ወደ ክላውድ መዛወር ነው ተብሎ ቢነገረው አይጠቅመውም። ስለዚህ የማዛወሩን ወረቀት የሚፈርም አለቃ የኮምፒዩተርን ጥበብ ባያውቅ አይነቀፍም፤ ሳይጠይቅ ቢፈርም ግን ይነቀፋል። ጥያቄዎቹም አራት ናቸው። የአሮጌው ደጅ ሕግ ከነምክንያቱ ተጽፏል ወይ? አዲሱ ደጅ በእውነተኛው የሕዝብ ብዛት ልክ፤ በሁሉም ማእከሎች ተፈትኗል ወይ? ስሕተት ቢገኝ በስንት ደቂቃ መመለስ ይቻላል? በዚያች ሌሊትስ ይመለስ ብሎ የማዘዝ ሥልጣን ያለው ሰው ማን ነው?

ለእነዚህ ጥያቄዎች በጽሑፍ የተሰጠ መልስ ከሌለ፤ ቀኑ ምንም ቢታወጅ፤ እንግዶችም ለምረቃው ቢጠሩ፤ ማስተላለፍ የተገባ ነው። ቀጠሮውን ያስተላለፈ አለቃ ለጥቂት ቀን ይታማ ይሆናል፤ ያልተፈተነ ደጅ የከፈተ ግን የሕዝቡን አመኔታ ያጣል፤ እርሱም አንድ ጊዜ ከወጣ እንደ መዝገብ ተገልብጦ የሚመለስ አይደለም። መልካም አጋፋሪ እንግዳው አዳራሹ መለወጡን እንኳ ሳያውቅ በስፍራው ያስቀምጠዋል፤ የዚህም ሥራ ምስጋናው ማንም ሳያውቀው መፈጸሙ ነው።